ቡድናችን ባሸነፈ ማግስት ለተሸናፊው ምን ይባላል?

ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን አንድ የውይይት ክር የከፈተችው ሴት ነች። የተወለደችበት ከተማ ቡድን የጎረቤት ከተማውን ቡድን በደርቢ አሸንፏል። ቢሮ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ደግሞ የተሸናፊው ደጋፊ ነው። በማግስቱ ቢሮው ሁሉ ሲያበሽቀው ዋለ። እሷ አላበሸቀችውም። ግን ምን እንደምትለው ጠፋባት። ዝም ብትለው የተኩራራችበት እንዳይመስለው ሰጋች። አይዞህ ብትለው ደግሞ ከላይ ሆና የምታዝንለት ይመስላል። በቡድኗ የሚሰማትን ኩራት ሳትደብቅ ለዚህ ሰው ደግ የምትሆንበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ከጥያቄዋ ሥር ጠንከር ያለ ሐሳብም አስከተለች። የትውልድ ከተማ ኩራት ጆሮ ይደፍናል፣ በጨዋታ ማግስት ማንም ማንንም አያዳምጥም ባይ ናት።

እኔ በዚህ ሐሳቧ አልስማማም። ክሩን እስከ ታች ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አልተስማማሁም። የከተማውን ቡድን ከልቡ የሚወድ ሰው የሌላውን ሽንፈት ለማዳመጥ ከማንም የተሻለ ዝግጁ ነው። ስሜቱን ያውቀዋላ! ከመልሶቹ ውስጥ ይህን የሚያሳዩ አሉ፤ የሚቃወሙም አሉ።

1ኛው መልስ አጭር ነው። ኳስ ኳስ ነው፣ የሞተ ሰው የለም፣ ማጽናናትን ምን አመጣው ይላል። ብዙ ላይክ አግኝቷል። 2ኛው ሐሳቡን ተቀብሎ፣ የኳስ ቅመሙ ብሽሽቅ ነው ሲል ጨመረበት። እንዲያውም ሰውየው ካልተበሸቀ ቅር ይለዋል አለ። 3ኛዋ ረጋ ብላ ለሁለቱም መለሰች። ብሽሽቅ የሚያምረው ሁለቱም ወገን ሲስቅ ነው፤ አንዱ ብቻ እየሳቀ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው አለቻቸው። ይህን ገና ከጅምሩ ማለቷን ወደድኩላት። አሸናፊ ተሸናፊውን ኳስ ብቻ እኮ ነው ሲለው፣ ትናንት ማታ ራሱ በደስታ ሲዘል እንዳመሸ ይረሳዋል። ለእሱ ደስታ ሲሆን ትልቅ ነገር፣ ለሌላው ሐዘን ሲሆን ግን ትንሽ ነገር ሊሆን አይችልም።

4ኛው መልስ ክሩን ወደ ቁም ነገር አስገባው። ጸሐፊው፣ ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመውን ጥናት አነሳ። ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የዩኒቨርሲቲያቸው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሲያሸንፍ፣ ተማሪዎቹ ሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲውን ስምና ምልክት የያዘ ልብስ በብዛት ለብሰው ይታያሉ። ሲሸነፍ ግን ልብሱ ይቀንሳል። ስለ ውጤቱ ሲጠየቁም እንደዚያው ነው። ድል ሲሆን እኛ ማለት ይቀናቸዋል፤ ሽንፈት ሲሆን እኛ የሚለው ቃል ይቀንሳል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ ለጠያቂዋ አንድ ነገር አሳያት። ባልደረባዋ ቢሮው ሁሉ እያበሸቀው ተሸነፍን እያለ ከዋለ፣ ሾልኮ መውጣት ይችል ነበር፤ ግን አልወጣም። ስለዚህ የሚገባው አዘኔታ ሳይሆን አክብሮት ነው። ይሄ እኔን በጣም ነካኝ። ብዙ ጊዜ ታማኝነት የምንለው በድል ቀን ማሊያ መልበስን ነው። በሽንፈት ቀን እኛ ማለት ግን ከዚያ ይከብዳል።

5ኛው ተመራማሪ ስለ ኳስ ምን ያውቃል ብሎ አጣጣለው። 6ኛዋ ሌላ ጥናት ይዛ መጣችበት። እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻካራ የፉትቦል ግጥሚያ አደረጉ። የፕሪንስተኑ ኮከብ አፍንጫው ተሰበረ። ከዳርትማውዝ ደግሞ አንዱ እግሩ ተሰበረ። አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ግጥሚያ በፊልም ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሳዩና ጥፋቶቹን አስቆጠሯቸው። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ላይ የቆጠሩት ጥፋት፣ የዳርትማውዝ ተማሪዎች በራሳቸው ቡድን ላይ ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፊልሙ አንድ ነው። ዓይኑ ግን ሁለት ነው። 6ኛዋ ምክሯን እዚህ ላይ አስቀመጠች። ባልደረባሽን ስታዋሪው በፍጹም ቅጣት ምት ክርክር አትጀምሪ፣ እሱ ያየው ጨዋታ አንቺ ካየሽው ይለያል አለቻት። መጀመሪያ የሱን ጨዋታ ይንገርሽ ነው ነገሩ። የጥያቄው መልስ ግማሹ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ ወሬው ወደ አትሌቲክስ ዞረ። 7ኛው ደራርቱ ቱሉን አነሳ። አትላንታ ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ካሸነፈች በኋላ እጇን ይዛ አብራት ሜዳውን ዞረች ብሎ ጻፈ። 8ኛው በትሕትና አረመው። አትላንታ ሳይሆን ባርሴሎና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ 10 ሺህ ሜትር። አትላንታ ላይ ደራርቱ 4ኛ ነው የወጣችው። ባርሴሎና ላይ ግን ቀድማ ገብታ ኤላና ሜየርን መስመሩ ላይ ጠበቀቻት፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ኦሊምፒክ ላይ አልታየችም ነበር። ስለዚህ የአንዲት ጥቁር አፍሪካዊትና የአንዲት ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት አብሮ መዞር ከሩጫው በላይ የሚናገረው ነገር ነበረው። 7ኛውም አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለ እርማት ሳይ ደስ ይለኛል። አንዱ በጨዋ ቋንቋ ያርማል፤ ሌላው ሳያኮርፍ ይቀበላል።

9ኛው ግን ሻካራ ነበር። ኦሊምፒክ ሌላ፣ የሰፈርና የከተማ ኳስ ሌላ ነው አለ። ደራርቱ ነገ ጠዋት ከሜየር ጋር አንድ ቢሮ አትገባም። በደርቢ የሚሸነፍ ሰው ግን አሸናፊውን በየመንገዱ ያገኘዋል። ያን ሁሉ ሰው የሚያጽናና አሸናፊ ካለ አምጡልኝ ብሎ ክሩን ተገዳደረው። አነጋገሩ ቢከብድም ጥያቄው ትክክል ነበር። የክሩ ምርጥ መልስ የመጣውም በሱ ምክንያት ነው።

10ኛዋ የኡራጓይ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረውን ኦብዱልዮ ቫሬላን አመጣችለት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1950 ነው። ቦታው ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም። ብራዚል የዓለም ዋንጫውን ለማንሳት ከኡራጓይ ጋር አቻ መውጣት ብቻ ይበቃት ነበር። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ በአስር ሺዎች ሳይሆን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። ከዕረፍት መልስ ብራዚል ቀድማ አገባች። የኡራጓይ አምበል ቫሬላ ያኔ ኳሷን ከመረብ አውጥቶ ያዘና ከዳኛው ጋር ክርክር ገጠመ። ጩኸቱ እስኪበርድ ጨዋታውን አዘገየው። ከዚያ ስኪያፊኖ አቻ አደረገ። በ79ኛው ደቂቃ ጊጂያ ሁለተኛውን አገባ። 2 ለ 1። ስታዲየሙ ጸጥ አለ።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። 10ኛዋ ትኩረት የሰጠችው ለዚያ ምሽት ነው። ቫሬላ ከቡድኑ ጋር ሆቴል ውስጥ ሲጨፍር አላመሸም። ወጥቶ ወደ ሪዮ ቡና ቤቶች ሄደ። ሲያለቅሱ ካገኛቸው ብራዚላውያን ጋር ተቀመጠ። አብሯቸው ጠጣ። ያስለቀሳቸው እሱ ነው፤ ግን አብሯቸው አመሸ። ጸሐፊዋ ከዚህ በላይ አላብራራችም። ማብራራትም አያስፈልጋትም ነበር፤ በቂ ነው። ይህ ሰው በአገሩ የማይኮራ ሰው አልነበረም። ከሰዓታት በፊት ያን ሁሉ ሕዝብ ብቻውን ሲገዳደር የነበረ አምበል ነው። ያ ኩራት ነው ምሽቱን የተሸናፊውን ልብ እንዲያይ ያደረገው ብዬ አምናለሁ። ቢሸነፍ ኖሮ የሱም ሰዎች ሞንቴቪዴዮ ላይ እንዲሁ እንደሚያለቅሱ ያውቃል።

11ኛው መልስ የዚያኑ ቀን ሌላ ገጽ ገለጠ። ስለ ባርቦሳ ነው፤ የብራዚል በረኛ። ጊጂያ በቅርቡ ቋሚ በኩል ያስገባበትን ጎል ብራዚል ይቅር አላለችውም። ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ፣ ያ ጎል ሲከተለው ኖረ። 11ኛው ከዚህ ያወጣው ሐሳብ ከባድ ነው። ከተሸናፊው ጋር ቁጭ ብሎ ያመሸው ተቃራኒው አምበል ነው፤ የገዛ ወገኑ ግን የራሱን በረኛ ሊሰማው አልፈለገም። የከተማ ኩራት ጆሮ ከደፈነ፣ የሚደፍነው ለራሳችን ሰው ጭምር ነው ማለት ነው።

ይህ ለጠያቂዋ ሐሳብ ማስረጃ ይመስላል። 12ኛውም እንዲያ ነው ያለው። የቫሬላን ደግነትም ቀለል አድርጎ አየው፤ ላሸነፈ ሰው ደግነት ምን ያስከፍለዋል አለ። 13ኛዋ ወዲያው መለሰችለት። የሚያስከፍለውማ የራሱን የደስታ ምሽት ነው አለችው። እኔ ከ13ኛዋ ጋር ነኝ። የድል ምሽት በሕይወት ውስጥ ብዙ አይደለም። ያንን ለሌላው መስጠት ትንሽ ስጦታ አይደለም።

14ኛው ነገሩን ወደ ማዳመጥ መለሰው። ጻፉ እንጂ ጻፈ ማለት አልደፍርም፤ አንጋፋ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በ10 ቋንቋዎች ላይ ስለተሠራ ጥናት አወሩ። አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ያ የዓይን እርግብግቢት ያህል ነው። ቃል አስቦ ከአፍ ለማውጣት ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ያስፈልጋል። ታዲያ እንዴት ይደረስበታል? ሰውየው ንግግሩን ሳይጨርስ እኛ መልሳችንን እያሰናዳን ነው። እንግዲህ የምናዳምጠው በግማሽ ልብ ነው አሉ። የሳቸው ምክር፣ ሰው ሲጨርስ ቶሎ አለመመለስ ነው። ትንሽ ዝም ማለት። ብዙ ጊዜ ሰውየው ይቀጥላል፤ የሚቀጥለውም ዋናውን ነገር ነው።

15ኛው እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲሏቸው የነበሩትን ሰው አንተ ብሎ ጀመረ። ሮቦት እንሁን ወይ፣ በሰዓት እየለካን እናውራ ወይ ዓይነት ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ሥርዓት እንዲይዝ ነገሩት። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የቱ ላይ እንዳልተመቸው መልሰው ጠየቁት። 15ኛውም በረደ። ጓደኛው እያወራ ሰዓት ሲያይ አይቶ እንደተቀየመው፣ ዝም ማለትም ንቀት ሊመስል እንደሚችል ጻፈ። እውነቱን ነው። ዝምታ ብቻውን ማዳመጥ አይደለም፤ ፊትም ይናገራል። ይህንን ነጥብ ያገኘነው ግን አንጋፋው ሰው ስድቡን ትተው ጥያቄ ስለጠየቁ ነው። እኔ ብሆን መልስ አልሰጠውም ነበር።

16ኛዋ ያመጣችው ጥናት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ነው። ተሳታፊዎቹ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆኑ ተማሪዎች ናቸው። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እንዲሄዱ ይደረጋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ይንሸራተትና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያቃስታል። የወደቀው የማንቸስተር ማሊያ ከለበሰ አብዛኞቹ ይረዱታል። የሊቨርፑል ማሊያ ከለበሰ ግን የሚረዱት ጥቂቶች ናቸው። ጥናቱ በሁለተኛው ዙር አንድ ነገር ቀየረ። ሌሎች የማንቸስተር ደጋፊ ተማሪዎች አስቀድመው ስለ ማንቸስተር ሳይሆን፣ የኳስ አፍቃሪ ስለመሆናቸው እንዲያስቡ ተደረገ። እነዚህ አብዛኞቹ የሊቨርፑሉንም ረዱት።

ብዙ ሰው ተደሰተ። ጥያቄው ተመለሰ ያለም አለ። 17ኛው ግን ደስታቸውን አቋረጠው። በሁለቱም ዙር ምንም ማሊያ ያልለበሰ ሰው ይወድቅ እንደነበር፣ ሁለተኛው ዙር ላይም እሱን የረዱት ጥቂቶች እንደነበሩ አስታወሰ። ክቡ ሰፋ እንጂ አልጠፋም አለ። ኳስ የማይወደው ሰው አሁንም ውጭ ነው። ይሄ እርማት አስፈላጊ ነበር። ቢሆንም ከሁለተኛው ዙር የምወስደው አለ። የማንቸስተሮቹ ልጆች ማንቸስተርን መውደድ አልተዉም። የተለወጠው ያሰቡት ነገር ነው። እሱም እንደኔ ኳስ የሚያመው ሰው ነው ብለው ማየት በቃቸው።

ከ18 እስከ 20 ያሉት ፓኦሎ ዲ ካኒዮ በተባለው ጣሊያናዊ ተጫዋች ላይ ተጣሉ። 18ኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የኤቨርተን በረኛ ተጎድቶ ሲወድቅ፣ ዲ ካኒዮ ጎል ከማስቆጠር ይልቅ የመጣችለትን ኳስ በእጁ መያዙን አወራ። ፊፋም ሸልሞታል። 19ኛው ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ዳኛ ገፍትሮ 11 ጨዋታ መታገዱን ረሳችሁ ወይ ብሎ ጮኸ። 20ኛው ሁለቱንም አላዋቂ አላቸው። አንድ ሰው አንድ ቀን ዳኛ ገፍትሮ በሌላ ቀን ደግ መሆን እንደሚችል ለመቀበል ለምን እንደተቸገሩ አልገባኝም። ከዚያ ወሬው ዳኞችን በቪዲዮ የሚያግዘው ቫር ላይ ሄደና ረዥም ጊዜ ፈጀ። እሱን እዘለዋለሁ።

21ኛዋ አዲስ ነገር አነሳች። ከትውልድ ከተማው የወጣ ሰው፣ እዚያ የማይኖር፣ በከተማው ቡድን የመኩራት መብት አለው ወይ? 22ኛው የሚኖርበትን ቡድን ይደግፍ ብሎ ደረቅ መልስ ሰጣት። ሌላው ስለ አትሌቲክ ቢልባኦ ጻፈ፤ የባስክ ተወላጅ የሆኑ ወይም እዚያ ያደጉ ተጫዋቾችን ብቻ የሚያሰልፍ፣ ሆኖም ከስፔን ከፍተኛ ሊግ ወርዶ የማያውቅ ክለብ ነው። 21ኛዋ መልሱን የፈለገችው ግን ለክርክር አልነበረም። ስደት ላይ ናት። እሁድ እሁድ ውጤት የምታይበት ምክንያት ሌላ ከከተማዋ የሚመጣ ወሬ ስለሌላት ነው። ይህን የጻፈችው ከሦስት ሰው ጋር ከተከራከረች በኋላ ነው። መጀመሪያ ለምን እንደጠየቀች ማንም አልጠየቃትም።

ጠያቂዋ በ24ኛው ተመለሰች። ባልደረባዋን ጨዋታውን እንዴት እንዳየው ጠይቃዋለች። እሱም ስለ ውጤቱ ብዙም አላወራም። ያወራው ስለ አባቱ ነው። ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ጨዋታውን በስልክ እያስተላለፈላቸው ነበር። ጎል ሲገባባቸው ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጨንቆት ነበር። እሷ ምንም አልመከረችም። ሲጨርስ አባቱ ምን እንዳሉ ብቻ ጠየቀችው። የአሸናፊውን ማሊያ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ እንደነበር፣ እሱም አይቶ ምንም እንዳልመሰለው ጨምራለች።

ክሩ እዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። 25ኛው መልስ ግን የባርቦሳን ታሪክ ካነበበ አንድ ሰው መጣ። እሱም በረኛ ነበር፤ ለከተማው ቡድን። በመጨረሻው ደቂቃ ከማዕዘን ምት በገባበት ጎል ቡድኑ ወረደ። ዛሬም ድረስ ከተማው ሲገባ ያነሱበታል። 26ኛው ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ እርሳው ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ። በቅንነት ነው። ግን በረኛው መልስ አልሰጠም። 27ኛውን የጻፈችው ያቺ ስለ ብሽሽቅ ቀድማ የመለሰችው ሴት ናት። ኳሷ ስትመታ የት ቆመህ ነበር ብላ ጠየቀችው።

በረኛው በ28ኛው የክሩን ረዥሙን መልስ ጻፈ። የቆመው ወደ ሩቁ ቋሚ ነበር። ነፋስ ነበር። ኳሷ ወደ ውስጥ ታጠፈች። የኔ ብሎ ጮኾ ወጣ። የራሱ ተከላካይ ግን በጩኸቱ ብዛት አልሰማውም፤ ወደ ኋላ እየሄደ መጥቶ ገጨው። እጁ ኳሷን ነክቷታል፤ ግን ሊይዛት አልቻለም። 29ኛው 5 ከ50 ውስጥ፣ ማለትም ጎሉ ፊት ባለችው ትንሿ ሳጥን ውስጥ፣ ያለች ኳስ ምንጊዜም የበረኛ ናት፣ ተከላካይ ቢገጭም ባይገጭም አለው። በረኛው አልተቀበለውም። ከማዕዘን ምት በፊት መንገዱን ማን እንደሚለቅ ልምምድ ላይ መወሰን ነበረበት፣ አሠልጣኙ ግን አልወሰነም ብሎ ተከራከረ። 30ኛው እሱም ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል። ፊቱ ወደ ኳሷ ስለሆነ በረኛ ከኋላው ሲወጣ ማየት እንደማይችል፣ ስለዚህ አንዱን ተጫዋች በረኛው አጠገብ ማቆም ይሻል እንደነበር ጻፈ። በረኛው ይህን ተቀበለው፤ ግን ያ ሰው ማን መሆን እንዳለበት አልተስማሙም።